ስሟን የወሰደው ሽንኩርት

ንብ የሽንኩርት አበባ አይወድም። ሌላ የሚቀስመው ካገኘ ትቶት ይሄዳል። ሬዚ ይህን የሰማችው በሃያ ስድስት ዓመቷ፣ ቬንደል ከሚባል ንብ አርቢ አፍ ነው። ሰውዬው የጭነት መኪናውን ከዘር ማሳው ዳር አቁሞ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ ያወርዳል፤ እያወረደም ራሱን ይነቀንቃል።

«ልጆቼን ከግራር አበባ ላይ አንስቼ ያመጣኋቸው ለዚህ ነው?» አለ ማሳውን በአገጩ እያሳየ። «ከሠርግ ቤት አስነስቶ ለቅሶ ቤት እንደ መውሰድ እኮ ነው።»

«ለቅሶ ቤትም ይበላል» አለችው ሬዚ። «ዝም ብለህ አውርድ።»

ቬንደል ቀና ብሎ አያት። ረጅም፣ ቀጭን፣ የጆሮው ጫፍ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነበር።

«ኃላፊዋ አንቺ ነሽ?»

«ኃላፊው ሎሪንጽ ባቺ ናቸው። እኔ የማሳው ነኝ።»

«እንግዲያው ጉዳዬ ካንቺ ጋር ነው» አለና ቀጣዩን ቀፎ አነሳ።

ሙሉ ስሟ ኮርሞሽ ቴሬዚያ ነው፤ ነገር ግን ከእናቷ ጀምሮ ማኮ ከተማ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ ሬዚ ይላታል። የተወለደችው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ማሮሽ ወንዝ በሞላ ቁጥር ውኃው እጓሮ ድረስ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከሽንኩርት ገበሬ ቤት ነው። በዚያ አገር ሽንኩርት ከዘር እስከ ዘር ሦስት ዓመት ይፈጃል። በመጀመሪያው ዓመት የተዘራው ዘር ለውዝ የምታህል ፍሬ ይሰጣል። በሁለተኛው ያቺ ትንሿ ተተክላ ትልቅ ትሆናለች። በሦስተኛው ከትልልቆቹ መልካም መልካሙ ተመርጦ፣ እናት ሽንኩርት ተብሎ እንደገና ይተከልና አብቦ ዘር ይሰጣል። ትንንሾቹ የብርዱን ወራት የሚያሳልፉት ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ነው፤ ሙቀት ካላገኙ በዓመቱ ያለጊዜያቸው አብበው ይቀራሉ። ስለዚህ ሬዚ ልጅ ሳለች ቤታቸው ብርዱን ሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸት ነበር። ትምህርት ቤት አብራት የምትቀመጥ የፖስተኛ ልጅ አፍንጫዋን ስትይዝባት፣ ሬዚ ሹራቧን አውልቃ በልጅቷ ራስ ላይ አራገፈችባትና ከክፍል ተባረረች። አባቷ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

አባቷ ኢግናጽ የሚተክሉት ሽንኩርት ከአባታቸው የወረሱት ነበር። ቅርፊቱ መዳብ ይመስላል፤ ሲጨብጡት እንደ ድንጋይ ነው፤ በመከር የገባው እስከ መጪው በጋ ሳይበቅል ይቆያል። በከተማው ዳር ባለው የዘር ጣቢያ አዲስ ዝርያ የሚያወጡት ሎሪንጽ ባቺ፣ ባገሩ ጋሼ ሎሪንጽ እንደ ማለት ነው፣ ይህን ሽንኩርት አይተው አንድ ከረጢት ለምነው ወሰዱ። ከዓመት ዓመት አጥርተው በመንግሥት መዝገብ ሊያስገቡት ነበር ሐሳባቸው። መዝገብ የሚገባ ዝርያ ከሌላው የተለየ፣ እርስ በርሱ የሚመሳሰልና ከትውልድ ትውልድ የማይለዋወጥ መሆን አለበት። ሬዚ ጣቢያው ውስጥ ሥራ ስትይዝ የተሰጣትም ይኸው ነበር፤ መምረጥ። አንገቱ የወፈረውን፣ ልቡ ለሁለት የተከፈለውን፣ ቀለሙ የፈዘዘውን ወዲያ፤ ደህናውን ወዲህ።

አባቷ የሞቱት ቬንደል ከመምጣቱ በፊት በነበረው መከር ነው። ስለ ሽንኩርቱ ምንም አደራ አላሉም። አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብላ «ማሳ እንዴት ዋለ?» ብለው ሲጠይቋት መናገር ጀመረች፤ ሳትጨርስ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ይህን በኋላ ዘመን ብዙ ጊዜ ታስታውሰዋለች። ሽንኩርቱን ጠብቂ ያላት ማንም አልነበረም።

ቬንደል አገሩ ከዳኑብ ማዶ፣ ሾሞጅ የሚባለው ኮረብታማ ምድር ነው። በየዓመቱ ንቦቹን ጭኖ አበባ ይከተላል፤ መጀመሪያ ግራሩን፣ ቀጥሎ የሬዚን ሽንኩርት፣ ከዚያ ሱፉን። ማሳው ዳር ባቆማት የእንጨት ጋሪ ውስጥ እያደረ፣ ሽንኩርቱ አበባውን እስኪጨርስ ይቆያል። ሥራው ቀፎ መጠበቅ ስለሆነ ጊዜ ነበረው፤ ጊዜ ስላለው ሬዚን ይከተላታል።

የሬዚ ሌላው ሥራ ደግሞ ሰው የሚጠላት ሥራ ነበር። የዘር ሽንኩርቱ ከሌላ ሽንኩርት ጋር እንዳይዳቀል፣ በአካባቢው ባለ ጓሮ ሁሉ ያበበ ሽንኩርት ካለ መቆረጥ አለበት። እሷ ብስክሌቷን ይዛ፣ ቢላዋዋን በቅርጫት አድርጋ አጥር ለአጥር ትዞራለች። በሁለተኛው በጋ አንድ ቀን ቬንደልም በተዋሰው ብስክሌት ተከትሏት አንዲት አሮጊት ጓሮ ገቡ። አሮጊቷ መጥረጊያቸውን ይዘው ወጡ።

«የኢግናጽ ልጅ መሆንሽን ባላውቅ በዚህ ነበር የምልሽ» አሉ። «አንድ አበባ ምን በደለሽ?»

«ይቅር ይበሉኝ ኔኒ፣ ሥራዬ ነው» አለች ሬዚ፤ ኔኒ ባገሩ እትዬ እንደ ማለት ነው።

«ምን ዓይነት ሥራ ነው አበባ መቁረጥ?»

«እኔንም እንዲሁ ነው የምታደርገኝ» አለ ቬንደል ከኋላ። «ቀና ባልኩ ቁጥር ትቆርጠኛለች።»

አሮጊቷ መጥረጊያውን ዝቅ አደረጉ። «አንተስ የማን ነህ?»

«የሾሞጅ ልጅ ነኝ።»

«ሩቅ ነው» አሉ፤ ሬዚን ከላይ እስከ ታች አይተው። «እንዳትወስድብን።»

ሬዚ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። አበባውን ቆርጣ፣ ቅርጫቷ ውስጥ ከታ፣ ማንንም ሳትጠብቅ ሄደች። ቬንደል ግን መንገድ ላይ ደረሰባት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሰዉ ሁለቱን ባንድ ላይ ማየት ለመደ።

የጠየቃት በሦስተኛው በጋ ነው። ማሮሽ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆች ባንድ ትልቅ ድስት ቀይ የዓሣ ሾርባ በሚሠሩበት ቦታ ተቀምጠው ነበር። ቬንደል ዳቦውን እየቆረሰ ስለ ቤቱ ይነግራታል።

«ቁልቁለት ላይ ነው። ከጓሮ ስትወጪ ወይን አለን፤ ትንሽ ነው፣ ለቤት ይበቃል። እናቴ አለች። ክፉ ናት ይላሉ።»

«እውነት ነው?»

«ትንሽ እውነት ነው» አለ። «ግን ክፉነቷ ለእኔ ነው እንጂ ለሚስቴ አይሆንም። ሬዚ፣ ነይና እይው። ወደድሽው እንኖራለን። ካልወደድሽው ደግሞ ወድደሽ ትቀመጫለሽ።»

ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ዓይኗን ወደ ወንዙ መለሰች። በሕይወቷ ከሰገድ ከተማ አልፋ አታውቅም፤ እሱም እህቷ ፒሮሽካ እዚያ ስላገባች ነው። ኮረብታ ያየችው በሥዕል ነው። በቆሎው፣ ስንዴው፣ ሽንኩርቱ እስከ ሰማዩ ጠርዝ ሜዳ ሆኖ የተዘረጋበት አገር ልጅ ናት።

«ዘንድሮ እናት ሽንኩርቱን ተክያለሁ» አለችው በመጨረሻ። «ዘሩ ይድረስና።»

«መቼ ይደርሳል?»

«በመከር።»

«ይድረስ» አለ። ሾርባውን ጠጣ። ቅር ያለው አይመስልም ነበር።

በመጪው በጋ ቀፎዎቹን ገና ሳያወርድ፣ ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ ወደ እሷ መጣ።

«ዘሩ ደረሰ?»

«ደረሰ። ሎሪንጽ ባቺ ለመንግሥት ሙከራ አስገቡት። አሁን ደግሞ በየአውራጃው ይፈተናል፤ እዚህም ዘሩ እንዳይቋረጥ በየዓመቱ መተከል አለበት።»

«ስንት ዓመት ይፈተናል?»

«ሦስትም አራትም ሊሆን ይችላል።»

ቬንደል ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «ያንቺ ሽንኩርት» አለ፣ «ሁልጊዜ ሊደርስ ትንሽ ነው የሚቀረው።»

እንዲያም ሆኖ መምጣቱን አልተወም። ሬዚም መምጣቱን ትጠብቃለች። ሚያዝያ ሲገባ ጀምሮ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። ሲመጣ ግን አንድ የምታነሳው ጉዳይ አታጣም፤ ወይ ሻጋታ ገብቶ እናት ሽንኩርቱ ሳስቷል፣ ወይ ሎሪንጽ ባቺ ታመዋል፣ ወይ የእናቷ የኤቴል የዳሌ ሕመም ብሶባቸዋል። ሁሉም እውነት ነበር። አንዱንም አልዋሸችም።

ከእነዚህ በጋዎች በአንዱ፣ ሽንኩርቱ ሙሉ ለሙሉ አብቦ፣ ማሳው ነጭ ኳስ የተሰካበት በመሰለበት ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ከምሥራቅ ጥቁር ደመና መጣ። በረዶ ወረደ፤ የእርግብ እንቁላል የሚያህል። ሬዚና ቬንደል የመሣሪያ ማስቀመጫው ጥግ ገብተው በበሩ ክፍተት ያያሉ። የጣሪያው ቆርቆሮ ጩኸት አላነጋግር ብሎ ነበር። ሲያባራ ወጡ። አገዳው ሁሉ ተሰባብሯል። አበባው ከጭቃው ጋር ተለውሷል። ከቀፎዎቹም ሁለቱ ተገልብጠው ንቦቹ ረጥበው ሣር ላይ ይርመሰመሳሉ።

ሬዚ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገባች፤ ያልተሰበረ አገዳ መፈለግ ጀመረች። ያገኘችውን በእንጨት ታቆመዋለች፣ በገመድ ታስረዋለች። ቬንደል ቀፎዎቹን ካቃና በኋላ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«ሬዚ።»

«ያቺን እንጨት አቀብለኝ።»

አቀበላት። «ሬዚ፣ ይበቃል። ሰማዩ ራሱ መልስ ሰጠሽ እኮ። ዘንድሮ ዘር የለም። ነገ ነዪ፤ አብረን እንሂድ። ሱፉን ትቼዋለሁ። ቀጥታ አገር ቤት እንግባ።»

«አሁን ብሄድ ያለቀለት ነገር ነው» አለች፤ ከአገዳው ዓይኗን ሳታነሳ። «ከዚህች ትንሽ ዘር ይወጣል። ሙከራው እንዳይቋረጥ ትበቃለች። ሁለት ዓመት ብትጠብቀኝ...»

«ሽንኩርቱ ያለ አንቺ አይበቅልም?»

«ማን ይመርጠዋል?»

«ሎሪንጽ ባቺ ሰው ይቀጥራሉ። አንቺን እንደ ቀጠሩ።»

ገመዱን ቋጠረች። ቬንደል ትንሽ ቆሞ ሄደ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ቀፎዎቹን መጫን ጀመረ። ሬዚ ከማሳው መካከል ሆና ታየዋለች፤ ሄዳ ልታግዘው አስባ ነበር፤ እጇ በሙሉ ጭቃ ነበር። መኪናው ሲነሳ እጁን በመስኮት አወጣ። እሷም እጇን አነሳች። በቃ ያ ነው።

በሌላው በጋ ቀፎ ይዘው የመጡት ደዦ ባቺ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ።

«ቬንደል ሰላም ብሎሻል» አሏት። «መንገዱ ራቀኝ፣ ሐሳቧን ከለወጠች ግን አንድ ቃል ትላክልኝ ብሏል።»

ሬዚ ሽማግሌው ሽንኩርቱ ላይ በቆዩበት ጊዜ ሁሉ የምትልከውን ቃል ስታስብ ሰነበተች። ማለዳ አንድ ነገር ታስባለች፤ ማታ ትተወዋለች። ደዦ ባቺ ቀፎዎቻቸውን ጭነው ሲሰናበቷት «ታዲያ ምን ልበልልሽ?» አሏት።

«ደህና ነች በሉልኝ» አለች።

ሽማግሌው ተጨማሪ ካለ ብለው ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ሞተሩን አስነሡ። በዓመቱ ተመልሰው ሲመጡ፣ ሳትጠይቃቸው፣ ቬንደል ከአገሩ ሰው አንዲት ባሏ የሞተባት አግብቶ የአንድ ልጅ አባት ሊሆን መሆኑን ነገሯት። «ጥሩ ሴት ናት» አሏት። ሬዚም «ደስ ይበለው» አለች። ያን ቀን ብስክሌቷን ሁለት ጊዜ ረስታ ተመልሳ ወሰደች።

ሽንኩርቱ ፈተናውን አለፈ። መዝገብ ውስጥ ሲገባ ስም አስፈለገው። ሎሪንጽ ባቺ «ሬዚ» አሉት። ባገሩ ቋንቋ ሬዝ ማለት መዳብ ስለሆነ ከቀለሙ የተነሣ ነው አሉ፤ ጣቢያው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ግን እሷን እያየ ሳቀ። ለዚያ ቀን በትልቅ ብረት ድስት ጉላሽ የሚባለው የሥጋ ወጥ ተሠራ፤ የፕሪም አረቄ ተቀዳ። ሎሪንጽ ባቺ ብርጭቆ አንሥተው «ለሁለቱ ሬዚዎች» አሉ። ሁሉም ጠጣ። እሷም ጠጣች።

ቤት ስትገባ እናቷ ኤቴል ወንበራቸው ላይ ሆነው ድንች ይልጣሉ።

«ስምሽን ሰጡት አሉ።»

«አዎ እማዬ።»

«አባትሽ ቢኖር ይስቅ ነበር።» ቢላዋቸውን አቆሙ። «አውቃለሁ፣ ለእኔ ብለሽ ነው የቀረሽው። እግዜር ይስጥሽ። ግን ቅር ይለኛል። በየቀኑ ቅር ይለኛል።»

ሬዚ ካፖርቷን እያወለቀች ነበር። ለእሳቸው ብላ እንዳልቀረች ታውቃለች፤ ለእሳቸው ፒሮሽካ ነበረችላቸው፤ ሰገድ ወስጄ ላኑራቸው ብላ ለምና ነበር። ያንን ግን መናገር እውነተኛውን ምክንያት መናገር ስለሆነባት «ድንቹን ለእኔ ይተዉልኝ» ብላ ቢላዋውን ከእጃቸው ወሰደች።

ከዚያ በኋላ መልካም ዓመታት መጡ። የማኮ ዙሪያ ገበሬ ማኅበር ሁሉ ሬዚን ተከለ። በከባድ መኪና፣ በባቡር ተጭኖ ሄደ። ገበያ ላይ ሴቶች «ሬዚ ነው?» ብለው ጠይቀው ይገዛሉ፤ እሷ አጠገባቸው ቆማ ቲማቲም እየመረጠች ትሰማለች። አንዳንዴ ደስ ይላታል። አንዳንዴ ደግሞ ስሟን ማንም እንዳይጠራው ትመኛለች። እናቷ ሞቱ። ቤቱ ሰፋባት። የሚጠይቃት ወንድ አልጠፋም ነበር፤ አንድ አናጢ ሁለት ክረምት ያህል በሯን ሲያንኳኳ ቆይቶ፣ ስለ ሽንኩርት ብቻ እንደምታወራ ለሰው ተናግሮ ቀረ። እውነቱን ነው፤ ሌላ ነገር ካነሣች ወዴት እንደሚወስዳት ስለማታውቅ ነበር።

መንግሥት ተለወጠ። የገበሬ ማኅበሮቹ ፈረሱ፤ መሬቱ ተከፋፈለ። ከሰሜን አገሮች የመጣ አዲስ ዘር ገባ፤ በመኪና ተዘርቶ፣ በዚያው ዓመት ደርሶ፣ በመኪና የሚነቀል። ፍሬው ሁሉ አንድ መጠን ነው። ሦስት ዓመት የሚጠብቅ፣ ብርዱን ሙሉ ከምድጃ በላይ ሽንኩርት የሚያሞቅ ሰው እያነሰ ሄደ። አገሪቱ ወደ አውሮፓ ኅብረት ስትገባ ሬዚ ሽንኩርቱም ከሌሎቹ ዝርያዎች ጋር በትልቁ የአውሮፓ መዝገብ ውስጥ ሰፈረ፤ ከፖርቱጋል እስከ ፊንላንድ ዘሩን መሸጥ ተፈቀደ። ሎሪንጽ ባቺ ያን ጊዜ አልጋ ላይ ነበሩ። ነግራቸው ስትጨርስ «ማን ይገዛዋል ታዲያ?» ብለው ፈገግ አሉ። በዚያው ዓመት አረፉ።

ሬዚ ጡረታ ከወጣች በኋላም በየመከሩ ጣቢያው እየሄደች መርጣለች። አንድ መከር ግን የጣቢያው አዲሷ ኃላፊ ኖራ ራሷ ወደ ቤቷ መጣች። ወጣት፣ ትሑት ሴት ናት። የፖም ኬክ ይዛ ነበር።

«ሬዚ ኔኒ፣ የምዝገባው ዘመን እያለቀ ነው» አለች። «መታደስ ይችላል። ግን ዝርያውን በየዓመቱ የሚጠብቅ መኖር አለበት፤ ዘሩን ደግሞ ሰው ከጠየቀን ብዙ ዓመት ሆነ። እርስዎን ሳልጠይቅ ለመወሰን አልፈለግሁም።»

ሬዚ ኬኩን ቆረሰች። ጉልበቷ ጎንበስ ማለት ከከለከላት ቆይቷል።

«እኔ አይሰረዝ ብል ምን ታደርጊያለሽ?»

«አንድ ጊዜ አሳድሰዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እኔም አላውቅም።»

«ተይው» አለች ሬዚ። «ይሰረዝ።»

ኖራ እጇን ያዘቻት። ሬዚ ለቅሶ እንደሚመጣባት ጠብቃ ነበር፤ አልመጣም። ይልቅ የመጣባት አንድ ቀዝቃዛ ሐሳብ ነው፤ ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ያኔ ምን አስቸገረኝ የሚል።

በሚቀጥለው መስከረም፣ ከተማው በየዓመቱ በሚያደርገው የሽንኩርት ትርዒት ቀን፣ አደባባዩ ላይ በሽንኩርት ጉንጉን ባጌጠ ድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጣ ሳለች፣ አንድ ከዘራ የያዘ ረጅም ሽማግሌ ፊቷ ቆመ። ጡረተኞችን ጭኖ በመጣ አውቶቡስ ነው የመጣው።

«ኃላፊዋ አንቺ ነሽ?» አለ።

ድምፁን ከማወቋ በፊት ጆሮዎቹን አወቀቻቸው። «ቁጭ በል» አለችው። «ከዘራህን ሰው እንዳይሰናከልበት ወዲህ አድርገው።»

ተቀመጠ። ሚስቱ እንደ ሞተችበት፣ ልጁ አብራው እንደምትኖር፣ ንቦቹን እንደሸጠ ነገራት። ስለ ሚስቱ በደግ ተናገረ። ከዚያ «ሽንኩርትሽስ?» አለ።

«አምና ተሰረዘ።»

«ማን ሰረዘው?»

«ማንም። የሚፈልገው ጠፋ።»

ቬንደል ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ። «እጠላው ነበር» አለ። «ገበያ ላይ ስሙ ተጽፎ ካየሁ ሌላ መደብ እሄድ ነበር።»

«ሰበብ ነበር፣ ቬንደል» አለች። እንዲህ በቀላሉ ከአፏ መውጣቱ ራሷን ገረማት። «ሽንኩርቱ። እናቴም። ፈርቼ ነው።»

«ምኑን?»

«እኔ እንጃ። ቁልቁለቱን። እናትህን። ማለዳ ተነሥቼ የማላውቀውን ግድግዳ ማየቱን።»

ቬንደል ራሱን ነቀነቀ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «የበረዶው ቀን፣ መኪናውን አስነሥቼ ስወጣ፣ ግማሽ ልቤ ተገላገልኩ ብሎ ነበር። ሰገድን ሳላልፍ ጸጸተኝ። መንገድ ዳር አቆምኩ። ልመለስ አልኩ። ከዚያ ንቦቹ ተዘግተው ብዙ ከቆዩ በሙቀት ያልቃሉ ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ቀጠልኩ።»

«ያልቁ ነበር?»

«የት ያልቃሉ። መሽቶ ነበር። ከበረዶው በኋላ አየሩ ቀዝቅዞ ነበር።»

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሲጠራ ቬንደል ተነሣና «በግራሩ ወቅት ነዪ» አላት። «ለማየት ብቻ።»

ሄደች። ፒሮሽካ «በዚህ ዕድሜሽ፣ ምን ይሉሻል?» ብትላትም፣ በግንቦት ባቡር ተሳፍራ ዳኑብን ተሻገረች። ቬንደልና ልጁ ባቡር ጣቢያው ላይ ተቀበሏት። ቤቱ ዝቅተኛ፣ በኖራ የተቀባ ቤት ነው። ያ ስትፈራው የኖረችው ቁልቁለት ከበሩ እስከ ወይኑ በዝግታ እንኳ ወዲያው የሚወጣ ነበር፤ ከዘራ ይዘው ሁለቱም ወጡት። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«እናትህ እኚህ ናቸው?»

«ናት።»

«ትንሽ ናቸው እኮ።»

«ትልቁ ድምፅዋ ነበር» አለ ቬንደል። «በኋላ ደግሞ ከሚስቴ ጋር ተስማምተው እኔን ብቻ ነበር የሚቆጡት።»

ማለዳ ስትነቃ የማታውቀው ግድግዳ ፊቷ ነበር። ነጭ ነው፤ ከጥጉ ትንሽ እርጥበት አለበት፤ ሌላ ምንም የለውም። ደህና ተኝታ ነበር ያደረችው። አልጋው ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን እያየች ቆየች። ከኩሽና የቬንደል ልጅ ዕቃ ስታንኳኳ ይሰማል። በዚህ ቤት ልጅ ሊኖራት ይችል ነበር፤ ከዚያች ትንሽ ሴት ጋር ተጣልታ ትታረቅ ነበር፤ ወይም ደግሞ ሳይሆንላት ቀርቶ ሻንጣዋን ይዛ ትመለስ ነበር፤ ያም ቢሆን አንድ ነገር ነበር። ከኩሽና ቁርስ ደርሷል ብለው እስኪጠሯት አልተነሣችም።

ቬንደል ቆዪ አላላትም፤ እሷም እንዲላት አልጠበቀችም። ጣቢያው ላይ ቦርሳዋን በመስኮት አቀበላት። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ስልክ ይደዋወሉ ነበር፤ ጆሮው እየደከመ ሲሄድ ግን ልጁ በመካከል ሆና የእሷን ቃል ትጮህለታለች።

«ምን ልበልልሽ ሬዚ ኔኒ?»

«ትናንት በድሮው የሽንኩርት ማሳ በኩል አለፍኩ በዪው። ዘንድሮ በቆሎ ዘርተውበታል።»

ልጁ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነገረችው። ከወዲያ በኩል ምንም አልተሰማም። ሬዚ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ ጠበቀች።

«ሰምቶሻል» አለች ልጁ።